ማኅተሙ ማን ጋ ነው?

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ጠጋ በሉ፣ ፊት ላይ ባዶ ወንበር አለ፣ አይነክስም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሬሳ ነው።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 210 ዓመት፣ ቦታው ሰሜን ቻይና። ሙቀቱ ያቃጥላል። ረጅም የንጉሥ አጀብ ወደ ዋና ከተማው እየተመለሰ ነው። መሃል ላይ ዙሪያውን የተሸፈነ፣ መስኮት ያለው ሠረገላ አለ። በሰዓቱ ምግብ ይገባለታል። ባለሥልጣናት እንደ ወትሮው ጉዳያቸውን ያቀርባሉ፣ ከውስጥ «ይሁን» የሚል መልስ ይመጣል፣ እጅ ነስተው ይመለሳሉ። መልሱን የሚሰጠው ጃንደረባ ነው። ንጉሠ ነገሥቱማ እዚያው ተጋድሞ፣ ከሞተ ሰንብቷል።

ሙቀት ደግሞ ሚስጥር አይጠብቅም። ሬሳው መሽተት ሲጀምር አንድ ትእዛዝ ወጣ፤ አጃቢዎቹ ሠረገሎቻቸው ላይ የሚከረፋ የጨው ዓሣ ይጫኑ። መጠኑ ሳይቀር ተጽፏል፣ በዛሬ ልክ 30 ኪሎ ገደማ። መንገዱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ሲል ማን ምኑን ይለያል? ከዚያ ሁሉ ሰው ነገሩን የሚያውቁት አንድ ልጁ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ማኅተም የሚይዘው ሹም፣ እና አምስት ስድስት ጃንደረቦች ብቻ ነበሩ።

ሟቹ ቺን ሺ ኋንግ ነው፣ የመጀመሪያው የቻይና ንጉሠ ነገሥት። ስድስት መንግሥታት የዋጠ፣ ሲያስነጥስ አገር የሚንቀጠቀጥለት ሰው። እና እንዴት ነው እንዲህ ያለ ሰው ሞቶ ከዓሣ ጋር ሲጓዝ አገሩ ምንም ሳያውቅ ሥራውን የቀጠለው? እኔ የደረስኩበትን ከአሁኑ ልንገራችሁና እንገላገል። አገሩ ሰው መታዘዝ ትቶ ማኅተም መታዘዝ ለምዶ ነበር።

ጉዳይ ለማስጨረስ ቢሮ የተመላለሰ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። እኔ አንዴ አንዲት ወረቀት ለማስመታት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ኃላፊው ፈርሟል፣ ሁሉም ነገር አልቋል፣ ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ የያዘችው ልጅ ግን ለቅሶ ሄዳለች። ያን ሰሞን የዚያ መሥሪያ ቤት አለቃ ማን እንደነበረ አሁን ነው የገባኝ።

ወደ ነገራችን ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። አብዛኛውን ታሪክ የምናገኘው ከሲማ ቺየን ነው፣ ንጉሡ ከሞተ 100 ዓመት ገደማ ቆይቶ ከጻፈው። ሲማ ቺየን ድንቅ ጸሐፊ ነው፣ ግን የንጉሡን መንግሥት ቺንን ጥሎ የመጣው የሃን መንግሥት ባለሥልጣን ነው። ያለፈውን መንግሥት ማሞገስ ደግሞ የትም አገር እንጀራ አያበላም። ስለዚህ ስትሰሙኝ ትንሽ ጨው ይዛችሁ ስሙኝ ልል ነበር፣ ጨውማ ዓሣው ላይ አልቋል።

ንጉሡ በልጅነቱ ዤንግ ይባላል። የተወለደው በ259 ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመት ስጠራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፣ ቁጥሩ ወደ ታች ሲሄድ እንዳትደናገሩ።) ያኔ ቻይና የሚባል አንድ አገር የለም። ሰባት ትልልቅ መንግሥታት ከ200 ዓመት በላይ ሲፋጁ ኖረዋል። አባቱ የቺን ልዑል ነው፣ ግን ከቁብ የማይቆጠር ልዑል። ዣዎ ለሚባለው ጎረቤት መንግሥት መያዣ ሆኖ ተሰጥቶ፣ ዋና ከተማው ሃንዳን ይኖራል። መያዣ ማለት ገብቷችኋል፣ «ውሉን ካፈረስን ልጃችንን የፈለጋችሁትን አድርጉት» ማለት ነው። ቺን ደግሞ ውል በማፍረስ የሚስተካከለው አልነበረም። ዤንግ ከመወለዱ ከአንድ ዓመት በፊት የቺን ጦር ቻንግፒንግ ላይ የዣዎን ሠራዊት አንበርክኮ እጁን የሰጠውን ሁሉ ፈጀው። ሲማ ቺየን ቁጥሩን ከ400,000 በላይ ያደርሰዋል። ተጋኗል ብንል እንኳ ሃንዳን ውስጥ ለቅሶ ያልተቀመጠ ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ በዚያ ከተማ የቺን ልጅ ሆናችሁ እደጉ።

የልዑሉን ዕድል የቀየረው ሉ ቡዌይ የሚባል ነጋዴ ነው። ሃንዳን ሲነግድ ልዑሉን አየውና ቤቱ ሄዶ አባቱን ጠየቀ ይባላል።

«አባባ፣ እርሻ ስንት እጥፍ ያተርፋል?»

«አሥር እጥፍ።»

«ዕንቁስ?»

«መቶ እጥፍ።»

«ንጉሥ ማንገሥስ?»

«ልጄ፣ እሱ ቁጥርም የለው።»

ገንዘቡን አፈሰሰው። ቺን ቤተ መንግሥት ውስጥ መያዝ ያለበትን ሰው ሁሉ በስጦታ ያዘ፣ ያ የተረሳ ልዑል አልጋ ወራሽ ተባለ። የቺን ጦር ሃንዳንን ሲከብ አባትየው ለጠባቂዎቹ ወርቅ ሰጥቶ አመለጠ፤ ሚስቱንና ልጁን ትቶ። ዤንግ ያኔ ሁለት ሦስት ዓመቱ ነው። እናቱ ይዛው ተደበቀች። ዓመታት አልፈው ነው ወደ ቺን የተመለሱት። ልጁ ግን አልረሳም። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ጦሩ ሃንዳንን ሲይዝ ራሱ ድረስ ሄዶ፣ በልጅነቱ ከእናቱ ቤተሰብ ጋር የተጣሉትን ሰዎች ለቅሞ አስፈጃቸው።

ልጁ የነጋዴው ነው የሚል ሐሜት አለ። ሲማ ቺየንም ጽፎታል። ዛሬ ብዙ የታሪክ ሰዎች አያምኑትም፣ እኔም አላምነውም። የተጠላን ንጉሥ «አባቱ ሌላ ነው» ማለት የቆየ ዘዴ ነው።

በ13 ዓመቱ ነገሠ። ነጋዴው እንደራሴ ሆነ፣ ልጁም «ሁለተኛ አባቴ» ይለው ጀመር። እናትየው ጋ ደግሞ ላዎ አይ የሚባል ሰው ገባ። ጃንደረባ ነው ተብሎ ነው የገባው። አልነበረም። ሁለት ልጆች በድብቅ ወለዱ። ዤንግ ለአቅመ ንግሥና ደርሶ ጎራዴ በሚታጠቅበት በ238 ነገሩ አፈተለከ። ላዎ አይ መቅደሙ ይሻለኛል ብሎ በንጉሡና በንግሥት እናቲቱ ማኅተም የሐሰት ትእዛዝ አውጥቶ ጦር ጠራ። ጦሩም መጣ! ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

አመፁ በአጭሩ ተቀጨ። ላዎ አይ በሠረገሎች ተጎትቶ ተገነጣጠለ። ሁለቱ ሕፃናት ወንድሞች ተገደሉ። እናትየው ከዋና ከተማው ተባረረች፣ በኋላ ቢመልሳትም። ነጋዴው ከሥልጣን ወርዶ በ235 መርዝ ጠጣ። እንግዲህ አስቡት፣ አባት ጥሎት ሸሽቷል፣ እናት ልጆች ወልዳ ደብቃበታለች፣ «ሁለተኛ አባት» ውስጡ አለበት። ይህ ልጅ ማንን ይመን?

አለማመኑን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው ዋንግ ጂየን የሚባለው ሽማግሌ ጄኔራል ይመስለኛል። ቹ የሚባለውን ትልቁን የደቡብ መንግሥት ለመውጋት ንጉሡ ስንት ሰው ይበቃል ብሎ ጠየቀ። ወጣቱ ሊ ሺን 200,000 አለ። ዋንግ ጂየን 600,000 አለ። ንጉሡ «አንተማ አርጅተሃል» ብሎ ወጣቱን ላከ፣ ወጣቱ ተደቁሶ ተመለሰ። ንጉሡ ሽማግሌው ቤት ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠይቆ 600,000ውን ሰጠው። ሽማግሌው ሲወጣ ጥሩ መሬትና ጥሩ ቤት ይሰጠኝ ብሎ ለመነ። ድንበር እስኪደርስም አምስት ጊዜ መልእክተኛ እየላከ አሁንም መሬት አለ። አጠገቡ ያለ ሰው ግራ ገብቶት «ጌታዬ፣ ልመናው አልበዛም?» አለው። «ንጉሡ ሰው አያምንም» አለ ሽማግሌው። «ያለውን ጦር በሙሉ ለእኔ አስረክቦ ባዶውን ተቀምጧል። ለልጆቼ መሬት ካልለመንኩ ምን አስቦ ነው ብሎ ይጠረጥረኛል።»

ሽማግሌው አሸነፈ። አልጋው ላይም ሞተ። በዚያ ዘመን ሁለተኛው ነው ከባዱ።

ንጉሡ መጠርጠሩ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። በ227 የያን መንግሥት ጂንግ ኬ የሚባል ሰው ላከበት። ሰውየው ሁለት ስጦታ ይዞ መጣ፤ የከዳ የቺን ጄኔራል ራስና የሚሰጥ ግዛት ካርታ። ካርታው ጥቅልል ነው። ንጉሡ ፊት እየተተረተረ፣ እየተተረተረ ሲያልቅ ጩቤ ብቅ አለ። ጂንግ ኬ እጅጌውን ያዘው፣ እጅጌው ተቀደደ፣ ንጉሡ ሮጠ። ምሰሶ ዙሪያ መሯሯጥ ሆነ። ጎራዴውን ሊመዝ ሞከረ፣ ረጅም ስለሆነ ከአፎቱ አልወጣ አለ። በአዳራሹ ያሉት ሹማምንት መሣሪያ መያዝ አይፈቀድላቸውም። ጠባቂዎቹ መሣሪያ አላቸው፣ የቆሙት ግን ከደረጃው በታች ነው፤ ያለ ንጉሡ ትእዛዝ ደረጃውን መውጣት ደግሞ ሕግ ይከለክላል። ንጉሡ እየሮጠ ትእዛዝ መስጠት አልቻለም። ስለዚህ ቆመው ያያሉ! በመጨረሻ የቤተ መንግሥቱ ሐኪም የመድኃኒት ከረጢቱን ወረወረበት፣ ሰዎች «ጎራዴውን ወደ ጀርባ!» ብለው ጮኹ፣ ንጉሡ መዞ ቆረጠው።

ይህን ታሪክ ሁሉም ስለ ጀግንነት ነው የሚያወራው። እኔ ዓይኔ የሚሄደው ደረጃው ሥር ወደ ቆሙት ጠባቂዎች ነው።

ጦርነቱን ቶሎ ልለፈው። ከ230 እስከ 221፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ ሃን (ስሙ ገጠመ እንጂ በኋላ ቺንን የጣለው ሃን አይደለም)፣ ዣዎ፣ ዌይ፣ ቹ፣ ያን፣ ቺ አንድ በአንድ ወደቁ። ዌይ የወደቀው ወንዝ ተለቆበት ነው። የመጨረሻው ቺ ብዙም ሳይዋጋ እጁን ሰጠ።

በ221 ዤንግ «ንጉሥ» የሚለው ስም አነሰው። ኋንግዲ የሚል አዲስ ማዕረግ አወጣ፣ ሺ ኋንግዲ፣ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት። ልጁ ሁለተኛ፣ የልጅ ልጁ ሦስተኛ፣ እንዲህ እየተባለ እስከ 10,000 ትውልድ ይቆጠር አለ። ማንም ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ይጠቀምበት የነበረውን አንዱን «እኔ» የሚል ቃልም ለራሱ ብቻ ወሰደው። ከሰው አፍ «እኔ»ን መንጠቅ!

አገሩን ለዘመድ አላከፋፈለም። ልጆቼን በየክፍለ ሀገሩ ባነግሥ ነገ ይዋጋሉ በሚለው በሚኒስትሩ በሊ ሲ ምክር፣ ምድሩን 36 ቦታ ከፍሎ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ የሚሾሙና የሚሻሩ ሰዎች ላከ። የጦር መሣሪያ ተሰብስቦ ቀለጠና 12 ትልልቅ የነሐስ ሰዎች ሆነ። 120,000 ባለጸጋ ቤተሰብ ወደ ዋና ከተማው ሺየንያንግ ተዛወረ፣ ዓይን ሥር እንዲሆን። ሳንቲሙ አንድ ሆነ፣ ክብ፣ መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው። የሠረገላ ጎማ ስፋት አንድ ሆነ። ፊደሉ አንድ ሆነ።

ቁናውም። ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የአንዱ መንደር ቁና ከሌላው ካልገጠመ፣ ግብር ሰብሳቢው በትልቁ ቁና ይቀበልሃል፣ ነጋዴው በትንሹ ይሰፍርልሃል፣ መሃል ላይ አንተ ትከሳለህ። የዚያን ዘመን መስፈሪያዎች ዛሬም ሙዚየም ውስጥ አሉ፣ ከነሐስም ከሸክላም የተሠሩ። ጎናቸው ላይ የ221ዱ አዋጅ በ40 ፊደል ተቀርጿል፤ ንጉሠ ነገሥቱ አገሩን አንድ አደረገ፣ ሕዝቡ ሰላም አገኘ፣ የሚለያየውና የሚያጠራጥረው መስፈሪያ ሁሉ አንድ ይሁን። እህል ስትሰፍር ንጉሡ እጅህ ላይ አለ ማለት ነው።

ይህን አሠራር እሱ አልፈጠረውም፣ ፍትሐዊ እንሁን። ከ100 ዓመት በላይ ቀድሞ ሻንግ ያንግ የሚባል ሚኒስትር ነው ቺንን በሕግና በቅጣት ያዋቀራት። ዤንግ ያደረገው ለአንድ መንግሥት የተሠራውን ማሽን ለሰባት ማስነሣት ነው።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል? እስቲ አንድ ደብዳቤ እንላክ። ወረቀት ገና የለም። ቀርከሃ ትሰነጥቃለህ፣ እሳት ላይ ታደርቀዋለህ፣ በብሩሽና በቀለም ከላይ ወደ ታች ትጽፋለህ። ከተሳሳትክ በትንሽ ቢላ ትፍቀዋለህ፤ የዘመኑ ጸሐፊ ቢላው ከወገቡ አይለይም። ስንጣቂዎቹን በክር ታስራለህ። ከዚያ ክሩን በጠንካራው አሥረህ፣ ቋጠሮው ላይ እርጥብ ጭቃ ትለጥፍና ማኅተምህን ትጫነዋለህ። ጭቃው ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ጭቃውን ሳትሰብር ደብዳቤውን መክፈት አትችልም። ተቀባዩ መጀመሪያ የሚያየው ጽሑፉን አይደለም፣ ጭቃውን ነው።

በ2002 እ.ኤ.አ. ሁናን ውስጥ ሊዬ በምትባል ቦታ ከአንድ አሮጌ ጉድጓድ ከ36,000 በላይ የዚህ ዘመን የእንጨትና የቀርከሃ ጽሑፎች ወጡ። የወረዳ ቢሮ ቆሻሻ በሉት። የማባዣ ሰንጠረዥ አለበት። ደብዳቤዎቹ ላይ ምን ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደ ደረሰ፣ ማን እንዳመጣው፣ ማን እንደ ከፈተው ተመዝግቧል። ከዋና ከተማው ስንት ተራራ ማዶ ያለ ጸሐፊ፣ ንጉሡን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ፣ ጭቃውን አይቶ ይታዘዛል።

ለጦሩ ደግሞ ነብር አለ። የመዳፍ የምታህል የነሐስ ነብር፣ መሃል ለመሃል የተሰነጠቀች። ግማሿ ንጉሡ ጋ፣ ግማሿ አካባቢውን የሚጠብቀው ሹም ጋ። ሺ አን አካባቢ የተገኘችው አንዷ ላይ በወርቅ ፊደል ተጽፎባታል፤ ከ50 በላይ የታጠቀ ሰው ለማንቀሳቀስ ከንጉሡ ግማሽ ጋር መግጠም አለባት።

ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለሸክላ ወታደሮቹ እንደሆነ አውቃለሁ። በመጋቢት 1974 እ.ኤ.አ.፣ እኛ ጋ የካቲት 66 ካለፈ ገና በወሩ፣ ሊንቶንግ አካባቢ ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሸክላ ራስ አወጡ። ዛሬ ግምቱ 8,000 አካባቢ ነው። ፊታቸው ስለመለያየቱ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ስም ተመትቷል። የሠራቸው ሸክላ ሠሪ ስም። ለክብር እንዳይመስላችሁ፣ ሥራው ከተበላሸ ማን እንደሚጠየቅ እንዲታወቅ ነው። መሬት ውስጥ ለሚቀበር፣ ማንም ለማያየው ወታደር እንኳ ተጠያቂ ያስፈልጋል!

ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ታዲያ እንዴት ኖረ? እየሠራ። በቀን 30 ኪሎ ያህል የቀርከሃ ደብዳቤ እያስመዘነ ያነብ ነበር፣ ሳይጨርስ አያርፍም። ይህን የተናገሩት እሱን አምተው የጠፉ ሁለት መድኃኒት አዋቂዎች ናቸው፤ «ሥልጣን ወዳድ ነው፣ ትንሹንም ትልቁንም ራሱ ካልወሰነ አይሆንለትም» ለማለት ነው ያነሡት። እኔ ሳነበው ግን ትንሽ ያሳዝነኛል። አገር አንድ አድርጎ ማታ ማታ ደብዳቤ የሚመዝን ሰው።

ሞትን ይፈራል። ሹ ፉ የሚባለውን ሰው ከብዙ ሺህ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ጋር የማይሞቱ ሰዎች ወዳሉባቸው ደሴቶች በባሕር ላከው። መድኃኒቱ አልመጣም። መድኃኒት አዋቂዎቹ፣ ክፉ መንፈስ እንዲሸሽ ያለህበትን ቦታ ማንም አይወቅ አሉት። በሺየንያንግ ዙሪያ ያሉትን 270 ቤተ መንግሥቶች በተሸፈነ መንገድ አገናኘ፣ ያለበትን የተናገረ ይሙት ተባለ። አንድ ቀን ከተራራ ላይ ሆኖ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሊ ሲን አጀብ አየና በዛ ብሎ ፊቱን አጠቆረ። ከሰዎቹ አንዱ ለሊ ሲ ሹክ አለው፣ ሊ ሲ ሠረገሎቹን ቀነሰ። ንጉሡ አስተዋለ። «ከእናንተ ውስጥ የተናገረ አለ» ብሎ ጠየቀ፣ ያመነ የለም። በወቅቱ አጠገቡ የነበሩትን በሙሉ ገደላቸው። ከዚያ ወዲያ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ።

አሁን ያንን የተሸፈነ ሠረገላ አስቡት። ንጉሡ አይታይም፣ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ማን ይገርመዋል? የሞተ ጊዜ ምን ተለየ?

በ213 በሊ ሲ አሳብ ሕዝብ እጅ ያሉ የታሪክና የፍልስፍና መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ታዘዘ፣ የሕክምና፣ የጥንቆላና የእርሻ ሲቀሩ። በዓመቱ ከ460 በላይ ምሁራንና መድኃኒት አዋቂ ነን ባዮች ሺየንያንግ ተገደሉ። ትልቁ ልጁ ፉሱ «አባቴ፣ ይህ አገር ያውካል» አለ። ለዚህ አፉ ወደ ሰሜን ድንበር ተላከ፣ 300,000 ወታደር ይዞ ግንቡን ከሚያሠራው ከጄኔራል መንግ ትየን ጋር።

በ210 ንጉሡ የመጨረሻውን ጉብኝት ወጣ። ትንሹ ልጅ ሁሃይ ልሂድ ብሎ ለምኖ አብሮ ሄደ። ንጉሡ መንገድ ላይ ታመመ። ስለ ሞት ማውራት ስለማይወድ ማንም አያነሣበትም። ሲብስበት ለፉሱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሺየንያንግ መጥተህ ቅበረኝ የሚል። ቅበረኝ ማለት ውረሰኝ ማለት ነው። ደብዳቤው ታሸገ፣ ጭቃው ተለጠፈ። ለመልእክተኛው ግን ገና አልተሰጠም። ማኅተም ያዡ ዣዎ ጋዎ እጅ ነበረ። ንጉሡም ሻቺዩ በሚባል ቦታ ሞተ። 50 ዓመቱ ገደማ ነበር።

ዣዎ ጋዎ ማኅተሙም አለው፣ ደብዳቤውም አለው። መጀመሪያ ሁሃይን አግባባ። ከዚያ ሊ ሲ ጋ ሄደ። ሊ ሲ እምቢ፣ እምቢ ካለ በኋላ አንድ ጥያቄ አፉን አስያዘው፤ ፉሱ ቢነግሥ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚሆነው አንተ ነህ ወይስ መንግ ትየን? ሊ ሲ ወደ ሰማይ አይቶ አለቀሰ ይባላል። አልቅሶ ተስማማ።

አዲስ ደብዳቤ ተጻፈ። ፎርጅድ። ፉሱ ልጅነቱን አላከበረም፣ ራሱን ይግደል፤ መንግ ትየንም እንዲሁ። ታሸገ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ሄደ።

ደብዳቤው ሰሜን ሲደርስ ፉሱ አለቀሰ፣ ራሱን ሊያጠፋ ወደ ውስጥ ገባ። መንግ ትየን ያዘው። «ንጉሠ ነገሥቱ 300,000 ጦር ሰጥተው እኔን እዚህ አቁመዋል፣ እርስዎን ተቆጣጣሪ አድርገዋል። አሁን አንድ መልእክተኛ መጣ ብለው ይሞታሉ? ሐሰት አለመሆኑን በምን አወቁ? መጀመሪያ ይጠይቁ፣ ከዚያ መሞት አይርቅም።» መልእክተኛው ቶሎ በሉ ይላል። ፉሱ እንዲህ አለ፦ «አባት ልጁን ሙት ካለው፣ ደግሞ ምን ይጠየቃል?»

ሞተ። 300,000 ወታደር ጀርባው እያለ፣ ለአንዲት ቁራጭ ጭቃ።

እዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን። ቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ በ2009 እ.ኤ.አ. ያገኛቸው የሃን ዘመን የቀርከሃ ጽሑፎች ውስጥ ሌላ ታሪክ አለ፤ ታሞ ሳለ ሁሃይ ይውረስ የሚለውን ንጉሡ ራሱ አጽድቆታል የሚል። እውነት ከሆነ ሴራው ሁሉ የሲማ ቺየን ዘመን ወሬ ሊሆን ነው። ማን ነው ትክክል? ሁለቱም የተጻፉት ዘግይተው ነው። ለእኔ ዋናው ግን የዚያ ዘመን ሰዎች ነገሩ ሊሆን እንደሚችል መቀበላቸው ነው።

ሁሃይ ነገሠ። እሳት አመድ ወለደ። ወንድም እህቶቹን ፈጀ፣ የአባቱን መቃብርና ቤተ መንግሥት ግንባታ ቀጠለ።

በ209 ወደ ድንበር የሚሄዱ 900 ምልምሎች ዝናብ ያዛቸው። መዘግየት በሞት ያስቀጣል ይላል ሲማ ቺየን። ከመሃላቸው ቼን ሼንግና ዉ ጓንግ፣ ብንሄድም ሞት፣ ብናምፅም ሞት ብለው አመፁ። የሚገርመው በ1975 እ.ኤ.አ. ሁቤይ፣ ሹዪሁዲ ላይ ከአንድ የቺን ጸሐፊ መቃብር ከ1,100 በላይ ስንጣቂ ወጥቶ ሲነበብ፣ ለመንግሥት የጉልበት ሥራ የዘገየ ቅጣቱ ተግሣጽ፣ ሲብስ የጋሻ ወይም የጥሩር ዋጋ ነው፤ ዝናብ ከሆነማ ይማራል። የወታደር ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላል። ወይም ቼን ሼንግ ሰዎቹን አስፈራርቷቸዋል። አነሣሱን ስታዩ ሁለተኛውን ትጠረጥራላችሁ፤ በቀይ ቀለም ሐር ላይ «ቼን ሼንግ ይነግሣል» ብሎ ጽፎ ዓሣ ሆድ ውስጥ ከተተው። ወታደሮቹ ዓሣውን ገዝተው ሲያርዱ ጽሑፉ ወጣ። ደግሞም ዓሣ! ደግሞም የተፎረጀ ጽሑፍ!

የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ ወይም ትገምቱታላችሁ። ሊ ሲን ዣዎ ጋዎ አስከሰሰውና በ208 ገበያ መሃል ከወገቡ ተቆረጠ። ወደ ሞት ሲሄድ ለልጁ ያለው ግን አይረሳኝም፤ «ልጄ፣ ያቺን ቢጫ ውሻ ይዘን ከሻንግሳይ ምሥራቅ በር ወጥተን ጥንቸል ብናባርር ደስ ባለኝ፤ አሁን ከየት ይመጣል?» ዣዎ ጋዎ ደግሞ በ207 ቤተ መንግሥት ውስጥ አጋዘን አስገብቶ «ፈረስ ነው» አለ። ፈረስ ነው ያሉት ዳኑ። ሁሃይ ራሱን እንዲገድል ተገደደ፣ ዣዎ ጋዎንም ቀጥሎ የመጣው ዚዪንግ አስገደለው። ዚዪንግ 46 ቀን ገዛ። 10,000 ትውልድ የተባለው 15 ዓመት አልሞላም።

ሺየንያንግ መጀመሪያ የገባው ሊዩ ባንግ ነው፣ በኋላ የሃንን መንግሥት ያቆመው። ተራ የመንደር ሹም ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ መቃብር ሥራ እስረኞች ሲያጅብ መንገድ ላይ ጠፉበት፣ የቀሩትን ራሱ ፈትቶ ለቅቆ ሸፈተ። ዚዪንግ በነጭ ፈረሶች ሠረገላ፣ አንገቱ ላይ ገመድ አድርጎ መንገድ ዳር ጠበቀው። የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተም አሽጎ አስረከበው። ነብሮቹንም።

የሊዩ ባንግ አዛዦች ከተማው ሲገቡ ወደ ግምጃ ቤት ተጋፉ፣ ወርቁንና ሐሩን ሊካፈሉ። መሃላቸው ሺያዎ ሄ የሚባል ሰው ነበረ፣ በቺን ዘመን የፔይ ወረዳ ጸሐፊ የነበረ። እሱ ወርቁን አልነካም። ቀጥ ብሎ መዝገብ ቤት ገባና ሕጉን፣ ካርታውን፣ መዝገቡን ሰብስቦ ያዘ።

ጥያቄ ካላችሁ ማይኩ እዚያ ጋ ነው።